ውሃ የሚሰማበት በር

በወንዞች መለኪያ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮቹን የምትጠብቀውን ሴት በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነበር። የይለፍ ቃሉም፣ የማሽኑ ክፍል መክፈቻም፣ ሌላው የረሳው ነገር ሁሉ እሷ ዘንድ ስለሚገኝ "ቁልፌ" ይሏታል። ሥራውን የተረከበችው ከአንድ ዓመት በፊት ጡረታ ከወጡ ሰው ነው። እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አገልግለው፣ በስንብታቸው ቀን እንኳ "በሉ ደኅና ሁኑ" ከማለት ሌላ ቃል ያልተነፈሱ በመሆናቸው "ጋሼ ዝምታ" ተብለው ቀርተዋል። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እሳቸው ዝም ብለው ትተውት የሄዱት ሰርቨር ግን እዚህም እዚያም ነቀዝ አላጣውም። ምን የት እንዳለ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት አልነበረም።

ሰርቨሩ ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ያረጀ ማሽን ነው። የወንዞቹ ሁሉ ከፍታ በየሩብ ሰዓቱ ከየዳርቻው እየመጣ እዚያ ይከማቻል። ሰኞ የኮምፒውተር ደኅንነት ፈታሾች እንደሚመጡ በተሰማ ጊዜ ኃላፊው ቁልፌን ጠርተው፣ "ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። እኛ እንዳንናቅ ባለቤት የሌለው በር ክፍት ሆኖ እንዳይገኝ" አሏት።

በር ያሉት ፖርት የሚባለውን ነው። በሰርቨር ላይ እያንዳንዱ ፖርት ቁጥር አለው፤ ከእያንዳንዱ ክፍት በር ኋላም ጆሮውን አቁሞ የሚጠብቅ ፕሮግራም አለ። የሚያውቁት ፕሮግራም ከሆነ ደግ ነው። የማያውቁት ከሆነ ግን ቤትዎ ውስጥ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ተቀምጧል ማለት ነው።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ቁልፌ ሥራውን ጀመረች። ያቺ ሰዓት በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሁልጊዜም እንደ ሕልም ናት። የመጋረጃው ዘንጎች የፀሐዩን ብርሃን ቆራርጠው ወለሉ ላይ ይዘረጉታል፣ ከግድግዳው ማዶ የማሽኖቹ ማራገቢያ ያጉረመርማል፣ በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው እንኳ እግሩን ቀለል አድርጎ ይረግጣል። ክፍት በሮችን የምትዘረዝረውን አጭር ትዕዛዝ ጻፈችና ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች አነበበች። ሃያ ሁለት፣ እሷ ራሷ የምትገባበት ነው። አራት መቶ አርባ ሦስት፣ ሕዝቡ የወንዙን ከፍታ የሚያይበት ድረ ገጽ ነው። የመረጃ ቋቱ በር የሚከፈተው ወደ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የማታውቃቸው ሦስት ቁጥሮች ቀሩ።

የመጀመሪያው መቶ አሥራ አንድ ነበር። ማሽኖች ፋይል ይጋሩበት ከነበረ ዘመን የተረፈ ኮተት ሆኖ አገኘችው፤ ዘጋችው። ሁለተኛው ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ፣ የማተሚያ አገልግሎት ነው። ይህ ሰርቨር በዕድሜው ማተሚያ ተገጥሞለት አያውቅም። አንድም ወረቀት ሳያይ አሥር ዓመት ሙሉ "ማተሚያዬ መቼ ይመጣል" እያለ ደጅ ደጁን ሲያይ የኖረ ፕሮግራም መሆኑን ስታስብ ብቻዋን ሳቀች። እሱንም አሰናበተችው።

ሦስተኛው ስምንት ሺህ አሥራ ሰባት ነበር።

ከበሩ ኋላ የተቀመጠው ፕሮግራም በላቲን ፊደል "ውሃ" ተብሎ ተሰይሟል። ከየትኛውም የታወቀ ጥቅል የመጣ አይደለም፤ ሰው በእጁ የጻፈው ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከዚህ ቀደም በሌላ መሥሪያ ቤት ሌባ ገብቶባት ያውቃልና ልቧ ድንግጥ አለ። ቢሆንም እንዲህ ያለውን ነገር ገና እንዳዩት አይገድሉትም፤ መጀመሪያ ማን እንደሆነና ከማን ጋር እንደሚነጋገር ይጠይቁታል። ፋይሉን ገልብጣ አስቀመጠች። ማሽኑ ሲነሣ አብሮ እንዲነሣ መታዘዙን አየች። የሚንቀሳቀሰው በጋሼ ዝምታ ስም ነው። ከአንድ ወገን አንድ ወንዝ ከሚጠማዘዝበት የመለኪያ ጎጆ አንድ መስመር ይገባል። ከሌላው ወገን ደግሞ ከከተማው ውስጥ፣ ከአንድ መኖሪያ ቤት አድራሻ፣ በየቀኑ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ይገባና አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል። ሁልጊዜ ያው አድራሻ፣ ሁልጊዜ ያው ሰዓት። አንድም ቀን አልጎደለም።

የፕሮግራሙን ጽሑፍ ከፈተችው። ከላይ፣ ለሚያነብ ሰው ብቻ ተብሎ የተተወ አንድ ቃል ነበር። "አትዝጉት።"

ከዚያ በታች ያለውን ስታነብ ፕሮግራሙ የሚያስተላልፈው ቁጥር ሳይሆን ድምፅ መሆኑን ተረዳች። የጆሮ ማዳመጫዋን አደረገችና በራሷ ኮምፒውተር ወደዚያ በር ገባች።

መጀመሪያ የመሰላት ማራገቢያው ነው። ቀስ እያለ ግን ማጉረምረሙ ውስጥ ሌላ ነገር ተለየ፤ የሚንሾካሾክ፣ የሚንከባለል፣ ድንጋይ ላልሶ የሚያልፍ ነገር። ውሃ ነበር። አንድ ወፍ ጮኸች፤ ከሩቅ ሌላዋ መለሰችላት። ቁልፌ ጀርባዋን ወደ ወንበሩ ጣል አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ወለሉ ላይ የተዘረጋው ብርሃን መንቀሳቀስ የጀመረ መሰላት። ጠረጴዛዎቹ ታንኳ ሆነው ቀስ ብለው ከግድግዳው ራቁ፣ በኮሪደሩ የሚሄደው ሰው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ውሃ ውስጥ ሆኖ አለፈ፣ ማንም አልገረመውም። ስትነቃ ሃያ ደቂቃ አልፏል። በሥራ ቦታዋ እንቅልፍ ወስዷት አያውቅም ነበርና አፈረች።

በማግሥቱ ለኃላፊው ነገረቻቸው። "የወንዝ ድምፅ ነው" አለቻቸው። "ጋሼ ዝምታ ያኖሩት ይመስለኛል። ከከተማ አንድ ሰው በየቀኑ ይሰማዋል።"

"ፈቃድ አለው?"

"ወረቀት አላገኘሁም። 'አትዝጉት' የሚል ብቻ ተጽፏል።"

"ሌባም ቢሆን እንደዚያው ብሎ ነው የሚጽፍ" አሉ ኃላፊው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን የሰኞው ፍተሻ ጨጓራቸውን ልጦታል። "ባለቤቱ ይምጣና ያስረዳ። እስከዚያው ዝጊው።"

ቁልፌ ለጋሼ ዝምታ ደወለች፤ ጥሪው አልደረሰም። ዐርብ ጠዋት ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ዐርብ ስድስት ሰዓት ላይ ዘጋችው። ትክክል መሥራቷን ታውቃለች፤ ማንም ያኑረው ማን፣ ለማንም ክፍት የሆነ፣ ቁልፍ የሌለው በር በር አይደለም። ሆኖም ስምንት ሰዓት ሲሆን የማሽኑን መዝገብ ከፍታ ተመለከተች። ያ አድራሻ መጥቶ አንኳኳ። መልስ ሲያጣ ደግሞ አንኳኳ። እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አርባ አንድ ጊዜ አንኳኩቶ ሄደ። ቅዳሜና እሑድ ያ ቁጥር ከአእምሮዋ አልወጣ አላት።

ሰኞ ፈታሾቹ መጥተው፣ ዝርዝሩን አይተው፣ ራሳቸውን በአዎንታ ነቅንቀው ሄዱ። እነሱ ከመውጣታቸው ስልኳ ጠራ።

"በሩን ዘግተሽዋል" አለ አንድ የወንድ ድምፅ።

"ጋሼ? እርስዎ ነዎት? ሁለት ጊዜ ደውዬልዎት ነበር እኮ።"

"ንቦቼ ያሉበት ስልክ አይሠራም። ከተማ ስወጣ ነው የሰማሁት። ልጃቸው ደውላልኝ።"

"የማን ልጅ ጋሼ? ማን ነው የሚሰማው?"

ዝም አሉ። ቁልፌም ጠበቀች፤ ከእኚህ ሰው ቃል የሚገኘው በትዕግሥት እንደሆነ አውቃለች። ከዚያ ጋሼ ዝምታ በሠላሳ ዓመት ያልተናገሩትን ያህል ተናገሩ። በወንዙ ጥምዝ ላይ አንዲት አንባቢ ነበሩ፤ ውሃው ውስጥ የቆመውን ባለ ቁጥር ዘንግ ጠዋትና ማታ እያነበቡ በደብተር የሚጽፉ። ሠላሳ አራት ዓመት ከመለኪያው ጎጆ አጠገብ ባለች አንድ ክፍል ኖረዋል፤ ልጃቸውን ያሳደጉትም እዚያ ነው። በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውሃ መለኪያ ሲገጠም "በቃዎት" ተባሉና ከተማ፣ ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ከተማ ገብተው እንቅልፍ እምቢ አላቸው። ሐኪሞች መርምረው ምንም አጡባቸው።

"ምንም አይደለም የጎደላቸው፣ ውሃ ነው" አሉ ጋሼ ዝምታ። "ከጎጆዋ ጣሪያ ሥር ማይክሮፎን ሰቀልኩ። በቃ።"

"ታዲያ ለምን አላሳወቁም?"

"ምን ብዬ ላስረዳ?"

"አሁን ለእኔ እንዳስረዱኝ ነዋ።"

"እሱስ እውነትሽን ነው" አሉና፣ "ሄደሽ እያቸው" ብለው አድራሻውን ነገሯት።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ንጹሕ ቤት ነው። በሩን የከፈተችላት ልጃቸው ከሥራ ፈቃድ የወሰደች ፋርማሲስት ነበረች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ እንቅልፍ ማጣት ከአልጋ አልጋ እንደሚዛመት ያስታውቃል። ቁልፌ ማን እንደሆነች ስትናገር ሴትየዋ በሩን ሊዘጋ እንደዳዳው ሰው ለአፍታ ያዝ አደረገችው።

"አራት ቀን ሆናት" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "የእንቅልፍ መድኃኒት በእጄ እያለ ለእናቴ መስጠት ፈራሁ። ኪኒን ሳትለምድ ሰማንያ ሊሞላት ነው እኮ።"

"የማን ቤት እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

"ግቢ። እሷው ይቅር ትበልሽ።"

ክፍሉ በመጋረጃ ጨለም ብሏል። እናትየዋ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ከራስጌያቸው አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለች። እግራቸው ቢደክምም ፊታቸው የነቃ፣ ዓይናቸው ሰውን የሚያነብ ነው።

"ወንዙን የዘጋሽው አንቺ ነሽ?" አሏት።

"እኔ ነኝ እማማ።"

"ጎበዝ ነሽ ልጄ። እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ፣ በክረምት እንኳ አንድ ቀን ዝም በል ብዬው አልሰማኝም።"

ልጃቸው ሳታስበው ሳቀች። ቁልፌም ሳቀች፤ ከዐርብ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ትንሽ ቀለል አለላት። ላፕቶፕዋን ከፈተች። በራሷ ቁልፍ፣ በተመሰጠረ መንገድ ወደ ሰርቨሩ ገብታ ድምፁን ይዛ ወጣች፤ ከዚያች ትንሽ ማጉያ ጋር አገናኘችው። ክፍሉ ውስጥ ውሃ መጣ። መጋረጃው የነፈሰበት ይመስል ነበር፤ መስኮቱ ግን ዝግ ነው። ልጃቸው በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ዓይኗን ከደነች። ለጥቂት ጊዜ ሦስቱም ሴቶች በአንድ ጀልባ ላይ ያሉ ያህል አዳመጡ።

ከዚያ እናትየዋ ግንባራቸውን ቋጠሩ። "አሁንም አልተመለሰም" አሉ።

"ማን ነው ያልተመለሰው እማማ?"

"ውሃው ነዋ። ድሮ ከጎጆዋ ሥር ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ሲወጣ ይለፈልፍ ነበር፤ እሱ ድምፅ ጠፍቷል። የሚሰማሽ ከማዶ ነው፤ እየራቀ ሄዷል። ከመዝጋትሽ በፊት ሳምንት አልፎት ነበር።"

"ነግራኝ ነበር" አለች ልጃቸው። "ጆሮዋ የደከመ መስሎኝ ድምፁን ከፍ አደረግሁላት።"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ግን ዘመዴ ነው፣ ዋሽቶኝ አያውቅም" አሉ እናትየዋ። ወደ ቁልፌ ዞረው፣ "የእናንተ ዕቃ ስንት ይላል?" ብለው ጠየቁ።

ቁልፌ የጣቢያውን መዝገብ አወጣች። "አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት።"

"ትናንትስ?"

"አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት።"

"ከትናንት በስቲያስ?"

ቁልፌ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለበጠች። አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት፣ አንድ ሜትር ከአርባ ሁለት። አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አንዲት ሳንቲ ሜትር እንኳ አልተነቃነቀም። በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ላይ ያንን ጣቢያ "ጨዋው ወንዝ" ብለው ሲያመሰግኑት ትዝ አላት።

"ልጄ" አሉ እናትየዋ፣ "ወንዝ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ጠዋትና ማታ ይተነፍሳል። ሁለት ቀን አንድ ቁጥር ላይ አይተኛም። እናንተ የምታነቡት ኩሬ ነው።"

ቁልፌ ጆሮዋን ወደ ማጉያዋ አስጠጋች።

"ከማዶ ምን አለ?" አለች ቁልፌ።

"የእግረኛ ድልድዩ እግር ነዋ። እያሳሳቀ ነው ውሃ የሚወስድ።"

ቁልፌ እዚያው ቆማ ለኃላፊው ደወለች። ነገሩን ሲሰሙ፣ "በጆሮ ነው የምትይኝ?" አሉ።

"በቁጥሩም ነው። ይክፈቱትና አሥራ ሁለቱን ቀን በአንድ ላይ ይዩት።"

የኮምፒውተሩ አይጥ ጠቅ ጠቅ ሲል ሰማች። ከዚያ ረዥም ትንፋሽ። "ይኼን እንዴት እስከ ዛሬ ሳናየው ቀረን?"

"ጸጥ ስላለ ደስ ብሎን ነዋ።"

ኃላፊው ፈተናቸው ያለፈ ሰው ሆነው ሊከራከሩ ይችሉ ነበር። አልተከራከሩም። "ሳይደርቅ በእርጥቡ" አሉና በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ የመስክ ሠራተኞችን ላኩ። ሠራተኞቹ ያገኙት እናትየዋ እንዳሉት ነው። ከላይ በኩል ያለው ዳር በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ተንዶ አሸዋ ቆልሏል። ወንዙ በዚያ ምክንያት አልጋውን ትቶ ወደ ማዶ ተኝቷል። መለኪያው የቆመው ከወንዙ በተቆረጠች ጸጥ ያለች ውሃ ውስጥ ነበር፤ እንቁራሪቶች እንቁላል ጥለውባታል። ማዶ ደግሞ የድልድዩ እግር ሥር ሰው ገብቶ የሚቀመጥበት ያህል ተቦርቡሯል። ድልድዩ በዚያው ቀን ተዘጋ። ሰው "አንድ ሰዓት ዙሩ ይሉናል" እያለ አጉረመረመ። በአራተኛው ቀን ከባድ ዝናብ ዘነበ፤ የድልድዩ እግር ሰመጠና ወለሉ እንደሚንበረከክ ሰው ጉልበቱን አጠፈ። በላዩ ማንም አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ያጉረመረመ የለም።

ስለ በሩም እንዲህ ሆነ። ቁልፌ ስምንት ሺህ አሥራ ሰባትን እንደ ቀድሞው ለአላፊ አግዳሚው አልከፈተችውም። ከውጭ እንዳይታይ አድርጋ፣ ለእናትየዋ ቤት ብቻ የሚሠራ ቁልፍ አበጀችለት። በመዝገቡም ላይ ቁጥሩን፣ ሥራውን፣ ያኖሩትን ሰውና የሚያዳምጡትን አንባቢ በግልጽ ጻፈች። ኃላፊው ፈረሙና ወረቀቱን ሳይመልሱ ቆዩ።

"እኔም ልሰማው እችላለሁ?" አሉ።

የጆሮ ማዳመጫዋን ሰጠቻቸው። ኃላፊው ከረባታቸውን አላልተው እሷ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሻይዋን ጠጥታ እስክትመለስ ድረስ አልተነሡም። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ለእናትየዋ እየደወሉ "ወንዙ እንዴት ዋለ?" ብለው የሚጠይቁት ራሳቸው ናቸው፤ የሚሉትንም በማስታወሻ ይይዛሉ።

ዝናቡ ካቆመ በኋላ ጋሼ ዝምታ ማይክሮፎኑን ወደ አዲሱ ዳር ሊያዛውሩ ሲሄዱ፣ ቁልፌ እናትየዋንና ልጃቸውን በመሥሪያ ቤቱ መኪና ይዛ ተከተለች። እናትየዋ ጠዋት ከተነሡ ጀምሮ አላረፉም ነበር፤ የቱ ዛፍ ሥር እንደሚቀመጡ፣ የቱ ድንጋይ ጋ ቀርበው እንደሚያዩ ሲነግሯቸው መጡ። የመጨረሻው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን ዝም አሉ። መኪናው ከዳርቻው ሣር ላይ ሲቆም ልጃቸው ዞር ብላ አየች። ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው ተኝተዋል።

"እንቀስቅሳት?" አለች ልጃቸው።

ጋሼ ዝምታ ከመሰላሉ ላይ ሆነው እጃቸውን አወዛወዙ፤ ተዪያቸው ማለታቸው ነው። ቁልፌ ሞተሩን አጥፍታ አራቱንም መስኮቶች ዝቅ አደረገች። ውሃው ከማዶ መጥቶ መኪናውን ሞላው። ልጃቸው ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ፀሐይዋ ዞራ የእናቷ ፊት ላይ ስታርፍ ብድግ ብላ ሻርፗን በመስኮቱ ላይ ጋረደችና፣ እንደገና ተመልሳ ተቀመጠች።